በውሃ የተሠሩ ቀለበቶች

መምህራችንን ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቀስ በሉ»። ደረጃ ስንወርድ ቀስ በሉ፣ ብልቃጥ ስናነሳ ቀስ በሉ፣ ስንከራከርም ቀስ በሉ። ቃሉን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው መዳፋቸውን ወደ ታች ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ። ያኔ እኔ ወጣት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ከእኔ ጋር ሌላ አንድ ተማሪ ነበር፤ ቁመቱ ከበሩ መቃን ጋር ስለሚጣላ ቀውላላው እንለዋለን። ሦስታችን አንዲት ቤተ ሙከራ ውስጥ ውለን እንገባ ነበር።

የምንሠራው ቀለበት ነው። የወርቅ አይደለም። ካርቦንና ናይትሮጅን እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሲሠሩ ቀለበት ይባላሉ፤ ከምንውጣቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው እንዲህ ያለ ቀለበት አለ። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ስሞክር ልብስ ሰፊ ናትና ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ ታዳምጠኛለች። ከዚያ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣

«ቀኑን ሙሉ ቀለበት ስትሠሪ ትውያለሽ፤ ማታ ባዶ ጣትሽን ይዘሽ ትመጫለሽ» ትለኛለች።

ክፍላችን ከሕንፃው ደረጃ ሥር፣ ግማሹ ከመሬት በታች ነበር። ያለችው አንዲት መስኮት ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ስለሆነች አላፊ አግዳሚውን የምናየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ አፉ የተሸረፈ የእጅ መታጠቢያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጭሱን ወደ ውጭ ይስባል የሚባል ማራገቢያ ነበር። ማራገቢያው ከሚስበው ይልቅ የሚጮኸው ይበልጣል። መደርደሪያው ላይ ክሎሮፎርሙ፣ ኤተሩ፣ ሌላውም ጠርሙስ ጎን ለጎን ተሰልፏል። ቀለበት የሚሆኑት ነገሮች እነዚህ ፈሳሾች ውስጥ ካልሟሙ አይገናኙም ተብለን ተምረናል። ሥራው ሲያልቅ ለአንድ ማንኪያ ዱቄት ብለን አንድ ጀሪካን መርዝ እናወጣለን። ጀሪካኖቹን ከሕንፃው ጀርባ እንደረድራለን፤ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል። ወዴት እንደሚወስዳቸው የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ሽታው ልብሳችን ውስጥ፣ ፀጉራችን ውስጥ፣ ከምንበላው ዳቦ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኛል። እናቴ ካፖርቴን በር ላይ እንድሰቅል አዝዛኝ ስለነበር የጎረቤቶቻችን ልጆች በካፖርቴ ሥር አፍንጫቸውን ይዘው እየሮጡ ያልፉ ነበር። ጋሼ ግን ጠርሙስ ሲከፍቱ ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም። የለመዱት ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከወትሮው ዘግይተው መጡ። ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ። ጋሼ ሥራ ሳይጀመር ሲቀመጡ አይተን ስለማናውቅ እኔና ቀውላላው ተያየን።

«ትናንት ቤቴን ላቃጥል ነበር» አሉን።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ልጅቷ ነርስ ናት። ከሥራ እስክትመለስ ብለው ድንች ጥደው፣ እዚያው ወጥ ቤት ተቀምጠው መጽሐፍ ሲያነቡ ነበር። ውሃው አለቀ፤ ድንቹ አረረ፤ ድስቱ ጠቆረ፤ አጠገቡ የተሰቀለው ፎጣ መጨስ ጀመረ። እሳቸው ገጽ ይገልጣሉ። ልጃቸው በሩን ከፍታ ስትገባ ጭሱ ከጣራው ወርዶ ጭንቅላታቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር» አሉ ፈገግ ብለው። «አፍንጫዬ የት እንደነበረ ግን እንጃ።»

ቀውላላው ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

«ከጠፋ ቆይቷል» አሉ። «መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ። ከዚያ የዝናብ ሽታ። የሚስቴ ልብሶች ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ፤ አልፎ አልፎ ከፍቼ አሸታቸው ነበር፤ እነሱም አንድ ቀን ዝም አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ ነበር። ትናንት ልጄ ድስቱን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው እርጅና አለመሆኑን ለራሴ የነገርኩት። ሐኪሙማ ድሮ ነግሮኛል፤ የዚህ ክፍል ሥራ ነው ብሎኛል።»

ተነሡና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ጥጉ ላይ ወዳለው የብረት ቁም ሳጥን አስገቡ። ልናግዛቸው ስንነሳ መዳፋቸውን ዝቅ አደረጉ። ቆልፈው ሲጨርሱ፣

«እኔ አፍንጫዬን አጥቻለሁ፤ የእናንተም እንዲጠፋ አልፈልግም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በውሃ እንሞክራለን።»

«ጋሼ፣» አለ ቀውላላው፣ «ዕቃዎቹ እኮ ውሃ ውስጥ አይሟሙም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ይሆናል?»

«እሱን አላውቅም።»

ቀውላላው ላይ መፍረድ አይቻልም። ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ወገባቸውን ታመው መሪ ለመልቀቅ የልጃቸውን መመረቅ ብቻ ነው የሚጠብቁት። እሱ ደግሞ የሠራውን ሁሉ በአዲስ መልክ ጀምር ተባለ።

እንደተባለው ሆነ፤ አልሟሙም። ዘይት የሚመስሉት ነገሮች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ማስቲካ ይለጠፋሉ። አልኮል ጨመርን፤ ትንሽ ተሻለና መልሶ ማስቲካ ሆነ። ሳሙና የመሰለ ነገር ጨመርን፤ ክፍሉ አረፋ ብቻ ሆነ። አፈላነው፤ ጠቆረ። የእነዚያ ወራት ሥራዬ ብልቃጥ መፋቅ ነበር ማለት ይቻላል። የእጄ ቆዳ ተላጠ።

የላይኛው ፎቅ ቤተ ሙከራ ሰዎች ወሬው ሲደርሳቸው ክፍላችንን «ሾርባ ቤት» አሏት። በምሳ ሰዓት አንዱ በደረጃው መከለያ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬ ምን ዓይነት ሾርባ አላችሁ?» ይላል። ለእኔ «ጭልፋ» የሚል ስም ወጣልኝ። የፎቁ ኃላፊ፣ ከጋሼ ጋር በተማሪነታቸው አንድ ክፍል የተጋሩ ወፍራም ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ኩባያቸውን ይዘው ይወርዱና በሩ ላይ ቆመው፣

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው» ይሏቸዋል።

«እንቦጩን ለማየት ነው የምወቅጠው» ይላሉ ጋሼ። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔና ቀውላላው ግን አንስቅም።

አንድ ቀን ቀውላላው ጠረጴዛውን አጽድቶ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ቆመ። መሄዱን ያወቅኩት ከጠረጴዛው ማማር የተነሣ ነው፤ እንደዚያ አጽድቶት አያውቅም።

«የላይኛው ፎቅ ቦታ ሰጡኝ፣ ጋሼ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባቴ ወገቡ...» ብሎ ካፖርቱን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረ።

«ሂድ ልጄ» አሉት። «ቀስ በል ብቻ። ደረጃው ታጥቦ እርጥብ ነው።»

ሲወጣ የጫማውን ድምፅ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ሰማነው። ጋሼ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔ ለምን እንደቀረሁ ሰዎች ይጠይቁኛል። ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንደኛ፣ ራሴን መውቀሩ ቆሞ ነበር። ሁለተኛ፣ እናቴ ናት። አንድ ምሽት ከደጅ ስገባ እንደ ልማዷ ካፖርቴን ወደ በሩ ልትመልስ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። አንዴ አሸተተችው፣ ደገመች።

«ሥራ ለቀሽ እንዴ?» አለችኝ በድንጋጤ።

«አልለቀቅኩም።»

«እና ሽታው የት ሄደ?»

«በውሃ ነው የምንሠራው አሁን።»

ትንሽ አሰበችና ካፖርቴን ከራሷ ካፖርት አጠገብ፣ ቤት ውስጥ ሰቀለችው። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ወደዚያ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ልብሴን ሳልቀይር አቅፋኝ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ላይኛው ፎቅ መሄድ ማሰብ አልቻልኩም።

ነገሩ የተገለጠልን አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ድንገት ስለጣለ መንገደኛው ሁሉ ከመስኮታችን በላይ ባለችው ጠባብ ክፈፍ ሥር ተጠለለ። እኛ የምናየው ጫማ ብቻ ነው። ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ ጭቃ የነካው ቦት፣ የተማሪ ሸራ፣ የሽማግሌ በትርና አጠገቡ የተወለወለ ቆዳ። መጀመሪያ ሁሉም ጣታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ተራርቀው ቆሙ። ዝናቡ ሲበረታ ተጠጋጉ። ሌላ ሰው ሮጦ መጣ፤ ይበልጥ ተጠጋጉ። ከዚያ ቦቱ ወደ ተረከዘ ረጅሙ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ሰማን። በትሩም ወደ ሸራ ጫማው ዞሮ ነበር።

ጋሼ ብልቃጥ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ያያሉ።

«እነዚህን ማን አስተዋወቃቸው?» አሉኝ።

«ዝናቡ ነዋ።»

«ዝናቡን ስለሚወዱት ነው?»

«ኧረ ስለሚሸሹት ነው።»

ብልቃጡን በጣም ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«እኛ ምን ስናደርግ እንደከረምን ታውቂያለሽ? አልኮሉም ሳሙናውም... ለእያንዳንዱ ጃንጥላ ስናድል ነው የከረምነው። ጃንጥላ ያለው ሰው መች ይጠለላል? ውሃን የሚሸሹ ከሆነ ይሽሹ። ሸሽተው የሚጠጉት እርስ በርሳቸው ነው። እኛ ግን እንዲሟሙልን ስንለምናቸው...» ብለው ሳይጨርሱ ወደ ቧንቧው ሄዱ።

አልኮል የለ፣ ሳሙና የለ። ውሃ ብቻ፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ። እንዳይለጠፉ ደግሞ ማማሰያውን እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ አዞርነው። ዘይት መሰሎቹን ጠብ ጠብ አድርጌ ጨመርኳቸው። ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ጋሼ ወንበራቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝናቡ አባርቶ ጫማዎቹ ሁሉ ተበተኑ። እኛ ብልቃጧን እያየን ቀረን።

ወተቱ ብዙ ቆይቶ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከመካከሉ ደቃቅ ነገር ሲዞር አየሁ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ ፀሐይ ውስጥ እንደሚታይ ብናኝ። ማማሰያውን ስናቆመው በዝምታ ወርዶ ከሥር ተኛ። ከላዩ የቀረው ውሃ ወለል ብሎ ይታያል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነገር አልነበረም።

በማጣሪያ ወረቀት አጣራሁት፤ በውሃ አጠብኩት። ጋሼ የማጣሪያውን ጎድጓዳ አፍ ያዙልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊቴ አቅርበው፣

«ምን ይሸታል?» አሉ።

አሸተትኩ። «ምንም አይሸትም፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም።»

ወረቀቱን ወስደው እሳቸውም ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ።

«እንግዲያው ዛሬ እኩል ነን» አሉ።

ፊቴን ወደ መታጠቢያው አዞርኩ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

ቀለበት መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። ዱቄቱ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚታየው ስንት ሙቀት ላይ እንደሚቀልጥ ነው፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ደግሞ ያለው ላይኛው ፎቅ ነው። ዱቄቱን ይዤ ወጣሁ። መሣሪያው አጠገብ የተቀመጠው ቀውላላው ነበር። አዲሱ ጠረጴዛው ተዝረክርኳል። ሲያየኝ ተነሣ።

«ጭልፋ፣» አለኝ፣ «ሾርባ አመጣሽ?»

«ደረቅ ነው» አልኩት።

ዱቄቱን እንደ ሣር ቀጭን በሆነች የመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ አለ። ንጹሕ ነገር ሲቀልጥ አያመነታም፤ ቆሻሻ ያለበት ግን ያልበዋል፣ ይለሰልሳል፣ ይጎተታል። ቀውላላው እንዲለሰልስ እየጠበቀ ነበር። አልለሰለሰም። ከዚያ ትከሻው ደንገጥ ሲል አየሁ። በአንዴ ቀልጦ ነበር፣ ልክ የኬሚስትሪ መጽሐፋችን ለቀለበቱ በሚሰጠው ሙቀት ላይ።

ሌላ ቱቦ ሞልቶ ደገመው። ያው ሆነ።

«በምን ሠራችሁት?»

«በውሃ።»

«በምን አጠባችሁት?»

«በውሃ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። የተረፈውን ውሃ ደግሞ አልደፋነውም፤ ነገ ልንሠራበት ነው።»

መሣሪያውን አጥፍቶ ተከትሎኝ ወረደ። በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሩን መቃኑ ላይ ገጨ፤ ከሄደ ወዲህ ጎንበስ ማለቱን ረስቶታል። ጋሼ ጠረጴዛ ሲወለውሉ ድምፁን ሰምተው ቀና አሉ።

«ጋሼ...» አለ ግንባሩን እያሸ።

«ወንበርህ አለ» አሉት። «አቧራውን ጥረግ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ነው ሁልጊዜ የሚመላለስብኝ። ሦስታችን እንደገና አንድ ላይ ነን፤ ማራገቢያው ጸጥ ብሏል፤ መስኮቷ ክፍት ናት። ያንኑ ውሃ አጣርተን መልሰን እንጠቀምበታለን። ቀውላላው ዜማ በማያውቅ ድምፁ ያንጎራጉራል፤ ጋሼ «ቀስ በል» ሲሉት የሙከራውን ይሁን የዘፈኑን አናውቅም። የፎቁ ኃላፊ ኩባያቸውን ይዘው ወረዱ፤ ብልቃጡን ዝቅ ብለው አዩ፣ ዱቄቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ፣ «እኔም እኮ የሾርባ ጠላት አይደለሁም» ብለው ተቀመጡ። የዚያኑ ሳምንት ሁለት ተማሪዎቻቸውን እንዲማሩ ላኩልን። ከሁሉ ከሁሉ የማልረሳው የጋሼን ልጅ ነው። ድሮ አባቷን ልትወስድ ስትመጣ ሽታውን ስለማትችለው ውጭ ቆማ በመስኮቷ ነበር የምትጠራቸው። አሁን የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ትገባለች፣ እኛ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ አባቷ እስኪጨርሱ ስለ ውሎዋ ታወራናለች።

ሁሉም ቀለበት በውሃ እሺ አለ ማለት አይደለም። እምቢ ያሉን ነበሩ፤ ለእነሱ ቁም ሳጥኑ አልፎ አልፎ መከፈቱ አልቀረም። ጋሼም «ውሃም አቅም አለው፤ አታስጨንቁት» ይሉ ነበር። ግን የሚወጣው ጀሪካን እያነሰ መጣ፤ የሚወስደው መኪናም ሲመጣ አጥቶ መመለስ ጀመረ።

ቀውላላው ከፈራው ባነሰ መዘግየት ተመረቀ። አባቱ ወገባቸውን ይዘው መጥተው ከጋሼ ጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም ዝምተኞች ስለሆኑ ደስ ብሏቸው ዋሉ። ሰው ሁሉ እኔና ቀውላላው የምንጋባ ይመስለው ነበር። ለጥቂት ጊዜ እኛም መስሎን ነበር። እሱ ሩቅ ከተማ ካለ የመድኃኒት ፋብሪካ ሥራ አገኘ፤ እኔ እናቴን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። መደዋወላችን እየሳሳ ሄደ። የተጣላንበት ቀን የለም። እሱም አገባ፣ እኔም ዘግይቼ አንድ ደግ የሒሳብ መምህር አገባሁ። እናቴ ጣቴን ይዛ እያገላበጠች፣ «ይሄኛው በምን ተሠራ?» ብላ ሠርገኛውን ሁሉ አሳቀችው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ያረፉት በልጃቸው ቤት፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲንጫጩ ነው። ክፍላችን የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆነች። አሁን እኔ የማስተምረው አዲሱ ሕንፃ ላይ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ማራገቢያው ድምፅ የለውም። ተማሪዎቼ በውሃ መሥራትን እንደ ማንኛውም ነገር ነው የሚማሩት። እንደዚያ እንዲሆን ነበር የደከምነው፤ ሆኖ ሳየው ግን አንዳንዴ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ዓመት ቀውላላው ደወለልኝ። ፋብሪካው አንዱን መድኃኒት ሙሉ በሙሉ በውሃ መሥራት ሊጀምር ነውና ነይ እይልኝ አለኝ። ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቁመቱም ትንሽ ጎብጧል። ክፍል የሚያህል የብረት ጋን አጠገብ ወሰደኝ። ጋኑን የምትቆጣጠረው ሴት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጭምብል ሳታደርግ ከባልደረባዋ ጋር እያወራች ትሠራለች። በትንሿ መስታወት በኩል ነጩ ውሃ ሲሽከረከር ጎን ለጎን ቆመን አየን።

ከዚያ አውቶቡሴ እስኪመጣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ነገረኝ። እኔም ስለ እናቴ ነገርኩት፤ ዓይኗ ደክሞ ስፌት ማቆሟን።

«ትቆጪያለሽ?» አለኝ ድንገት።

«በምኑ?»

«እንጃ። በነገሩ ሁሉ።»

አሰብኩ። የሠራተኞች መለወጫ ሰዓት ደርሶ ሰው ከበሩ እየፈሰሰ ይወጣል፤ ብዙዎቹ ሲያልፉ በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉለታል።

«አልቆጭም» አልኩት። «ግን ይናፍቀኛል።»

«እኔንም» አለ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ቀላል ነበር፣ ቢሆንም ሰጠሁት። ተሸክሞ እስከ በሩ አደረሰኝና ከተቀመጥኩ በኋላ በመስኮቱ አቀበለኝ። አውቶቡሱ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ እዚያው ቆሞ አየሁት።